ፍርሃት አስጠኚ አይደለም

የፈተና ሰሞን ሲደርስ አገሩ ሁሉ መካሪ ይሆናል። የዕድሩ ዳኛ፣ የታክሲው ረዳት፣ አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ሚስት፣ ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድ ሳይቀር ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚለው አያጣም። «በርታ!» ይለዋል። «ጠንክር!» ይለዋል። «አደራ እንዳታሳፍረን!» ይለዋል። «የዚህ ቤት ተስፋ አንተ ብቻ ነህ!» የሚለውም አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል። ሌላ ምን ይበል? በርታ ያለው እንጂ እንዴት እንደሚበረታ የነገረው የለ!

«በርታ» እኮ ምክር አይደለም፤ መንገድ ላይ የምንለዋወጠው ሰላምታ ነው። ወንዝ ለወሰደው ሰው ከዳር ቆሞ «ዋኝ እንጂ!» ብሎ እንደመጮህ ነው። ዋና ያላስተማርነውን ልጅ ወንዝ ዳር አድርሰን ከኋላው እንጮሃለን፤ ሲሰምጥ ደግሞ «ድሮም ሰነፍ ነበር» እንላለን።

የዛሬ ክርክሬ ይኸው ነው። ልጆቻችንን ለፈተና የምናዘጋጅበት ዋናው መሣሪያችን ማስፈራራት ነው። ወላጁ በድህነት ያስፈራራል፣ መምህሩ በውጤት ያስፈራራል፣ ትምህርት ቤቱ በስሙ ያስፈራራል፣ ጎረቤቱ በ«ሰው ምን ይላል» ያስፈራራል። ፍርሃት ደግሞ አንድ ነገር ያደርጋል፣ አልክድም። ልጁን መጽሐፉ ፊት ያስቀምጠዋል። መጽሐፉን ግን ልጁ ውስጥ አያስቀምጠውም።

ቁጥር ካልተጠቀሰ ለማይዋጥላችሁ ቁጥሩን ልጥቀስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቹን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በማጓጓዝ ተሰጠ። የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሆን ውጤቱ በጥር ወር ይፋ ሆነ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም ነበር፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ሆነ። የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ። መሻሻል ነው ከተባለ መሻሻል ነው፤ እኔም እሰየው እላለሁ። ነገር ግን ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚወድቁበትን ነገር ፈተና ብለን ብቻ እንዳናልፈው። ይህ የአገር ምርመራ ውጤት ነው።

ውጤቱ በተነገረ ማግስት ምን አልን? «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው» አልን። «ስልክ አበላሻቸው» አልን። እስቲ ወዲህ በሉኝ፤ 1,161 ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ እንኳ ጎበዝ ልጅ ሳይወለድ ቀረ ማለት ነው? የአንድ ወረዳ እናቶች ተማክረው ሰነፍ ብቻ ወለዱ? ስንፍና የግለሰብ ነው፤ እንደ ውርጭ ሜዳውን ሁሉ አይመታም። ሜዳውን ሁሉ ከመታው ሰማዩን ማየት ነው እንጂ ቡቃያውን መስደብ ምን ይባላል?

ከዚያ በፊት የነበረውንም አንርሳ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ የተወሰደው ኩረጃውና ስርቆቱ ልክ በማጣቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው ተሰርዞ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደ አዲስ መሰጠቱን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ለፈተና ተብሎ ኢንተርኔት የተዘጋበት ዘመንም ነበር። እናም ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም፤ የሚሰረቅ ፈተና ከሁሉ በላይ የሚበድለው ያጠናውን ልጅ ነው። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ፈተናውን ስናጠብቅ ዝግጅቱን አላጠበቅንም። በሩን በብረት ቀየርን፤ ቁልፉን ግን ለልጁ አልሰጠነውም።

እዚህ ላይ የእኔ ትውልድ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው እዚህ የደረስነው! ጭንቀት ምናምን የሚባል ነገር በእኛ ጊዜ የት ነበር?» ይላል።

የት ነበር? እዚያው ነበር። እኔም ማትሪክ ተፈትኛለሁ። ፈተና አዳራሽ በር ላይ ያስመለሰውን ልጅ አውቀዋለሁ። ወረቀቱ ከተሰጠው በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስሙን ብቻ ጽፎ የተቀመጠውን አውቀዋለሁ። ከክፍላችን አንደኛ ይወጣ የነበረ፣ የማትሪክ ዕለት እጁ አልታዘዝ ያለውንም አውቀዋለሁ። ስሙ በጠፋ ጊዜ በሽታው አልነበረም ማለት አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ «እኛ በኩራዝ…» እያልን የምናወራው ያለፍነው ነን። የወደቁት ዓምድ አይጽፉም፤ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው የልጅነት ትዝታቸውን አይተርኩም። ከጦርነት የተመለሰ ብቻ እየተጠየቀ ጦርነት አይገድልም ሊባል ነው?

ኩራዙም ቢሆን ብርሃኑ ነው እንጂ ጨለማው አይደለም ያስጠናን። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

እስቲ ደግሞ «ጎበዝ ተማሪ» የምንለውን ልጅ ሌሊት ገብተን እንየው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። እንቅልፍ እንዳይወስደው እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሯል። አጠገቡ የቀዘቀዘ ቡና አለ። አንዳንዱ ጋ ደግሞ፣ እናት የማታውቀው፣ ከደብተሩ ሥር የጫት ቅጠል አለ። ልጁ መጽሐፉን ያነባል። ጨርሶ እንደገና ያነባል። ከሥር በቢጫ ቀለም ያሰምራል፤ ቀለሙ እስኪያልቅ ያሰምራል፤ ገጹ በሙሉ ቢጫ ይሆናል። እናት በቀዳዳ አየት ታደርግና «ልጄ ልቡን ሰጥቷል፣ ተመስገን» ብላ ትተኛለች።

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ጥናት አይደለም። ይህ ራስን መቅጣት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይናገራሉ። ቀን የተማርነው ነገር ቦታ ቦታውን ይዞ የሚቀመጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን የሰረቀ ተማሪ የሰረቀው የራሱን ጎተራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እህል ሲሰፍር አድሮ ጎተራውን ሳይከድን እንደሚወጣ ገበሬ ማለት ነው።

ደጋግሞ ማንበቡስ? እሱም ያታልላል። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎችን ከፋፍለው አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ እንዲያነብ አደረጉ። ሌላው ቡድን አንዴ አንብቦ ጽሑፉን ዘግቶ ሦስት ጊዜ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ እነዚያኛዎቹ 71 አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት ከ40 በመቶ አላለፉም፤ ራሳቸውን የጠየቁት 61 በመቶ አስታወሱ።

ፈተና የሚመጣው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሳይሆን ከሳምንት፣ ከወር፣ ከዓመት በኋላ ነው። ልጁ ማታ «ገባኝ፣ አወቅሁት» ብሎ ይተኛል፤ ጠዋት ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ግን ፈተና አዳራሽ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የሚይዘውን ድንጋጤ «ጭንቀት» እንለዋለን። አይደለም። ግማሹ ጭንቀት፣ ግማሹ ግን ትክክለኛ መረጃ ነው! ልጁ አለማወቁን አሁን ገና አወቀ። ሦስት ወር ቀድሞ ቢያውቀው ኖሮ ጊዜ ነበረው።

«የፈረንጅ ጥናት ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ወደ ቤታችን እንምጣ። የቅኔ ተማሪ እንዴት ነው የሚማረው? መምህሩ የሰጡትን ሰምቶ፣ ዱር ገብቶ፣ ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርሙታል። ነገም ይነግራል፤ ነገም ይታረማል። በጉባኤ ቤት ማታ ማታ የሚጠናው የቃል ትምህርትስ? ብራና የማይታይበት ጨለማ ውስጥ ተማሪው የሚያጠናው ከራሱ እያወጣ ነው። በቁርዓን ቤት ያለው ደረሳስ? ሉሑ ላይ የጻፈውን በቃሉ ይዞ ለሸኹ ያሰማል፤ ካለፈ ሉሑ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። እስቲ አስቡት፤ ሉሑ ሲታጠብ ቢጫ ቀለም የት ይቀራል? የሚቀረው ልጁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በእርግጥ አርጩሜውም ነበር፤ ያንን ላስውብ አልሞክርም። የሚገርመው ታዲያ እኛ ከሁለቱ የወረስነው አርጩሜውን መሆኑ ነው። በየቀኑ መነገርን፣ በየቀኑ መታረምን ጣልን፤ ዱላውን ይዘን ቀረን። በጉባኤ ቤት ስህተት የዕለት እንጀራ ነበር፤ ተማሪው በቀን ሦስት ጊዜ ይሳሳትና በቀን ሦስት ጊዜ ይታረም ነበር። ዛሬ ልጁ 12 ዓመት ሙሉ ከክፍል ክፍል እየተገፋ ሳይታረም ይመጣና፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የ12 ዓመቱ ስህተት አንድ ላይ ይነገረዋል። ይህ ማስተማር ነው? ይህ እኮ የ12 ዓመት የመብራት ዕዳ በአንድ ቀን አምጣ እንደማለት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ማምጣት ያለባትን ውጤት በትልቁ ጽፎ ከአልጋዋ ትይዩ ግድግዳው ላይ ለጥፎላታል። ስትተኛም ስትነሳም የምታየው ያንን ነው። ቤት ውስጥ መሳቅ ክልክል ሆነ፤ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፈነ፤ ታናሽ ወንድሟ አክስቱ ቤት ተላከ። እናቷ አንድ ቀን «ጋሼ፣ እባክህ አንዴ አናግራት፣ ምግብ እምቢ ብላለች» ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ። ልጅቱ በቀን 14 ሰዓት ታጠናለች። የሥነ ሕይወት ደብተሯን ዝጊና ዛሬ ካነበብሽው አንድ ነገር ንገሪኝ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «ጋሼ፣ ሳነበው እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ሳነበው አውቀዋለሁ! ይህን ቃል ዩኒቨርሲቲ ሳስተምርም ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ስለ አንድ ልቦለድ ምን ታስባላችሁ ብዬ ስጠይቅ «መምህር፣ ከስንተኛው ገጽ ነው?» የሚሉኝ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ደብተር ዘግቶ ማሰብን የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ፈተናው ሁሉ ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። 12 ዓመት ሙሉ ክብ ሲያጠቁር የኖረ ልጅ የራሱን አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

ከልጅቱ ጋር ያደረግነው ነገር ተአምር አልነበረም። በመጀመሪያ አባቷን አስፈቅደን ያንን ወረቀት ከግድግዳው አነሳነው። ከዚያ የንባቡ ሰዓት በግማሽ ቀነሰ። ግማሽ ሰዓት ታነባለች፣ ደብተር ትዘጋለች፣ ያስታወሰችውን በባዶ ወረቀት ትጽፋለች፣ ገልጣ ራሷን ታርማለች፣ ተነስታ ውሃ ትጠጣለች። የትናንቱን ዛሬ፣ የዛሬ ሳምንቱንም ዛሬ ራሷን ትጠይቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የድሮ ፈተና ሰዓት ተይዞላት፣ በእርሳስ፣ እንደ ፈተናው ቀን ትሠራለች። የተሳሳተችውን ለይታ በአንድ ደብተር ትመዘግባለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት መጽሐፍ ይዘጋል፤ ይተኛል። ታናሽ ወንድሟም ከአክስቱ ቤት ተመለሰና ጠያቂዋ ሆነ። ጥያቄውን ከመጽሐፍ ያነብላታል፣ ስትሳሳት ይስቅባታል፣ እሷም ትስቃለች።

ስንት አመጣች? አልነግራችሁም። ብነግራችሁ የምትፈርዱት በእሱ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የምከራከረው ያንን ነው። የምነግራችሁ ምግብ መብላት መጀመሯን ነው። ፈተና ላይ ስትቀመጥ የምታውቀውን ታውቅ ነበር፤ የማታውቀውንም ታውቅ ነበር። ከዚህ የበለጠ ዝግጅት አላውቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። «ትንሽ ፍርሃት ያስፈልጋል» የሚሉ ሰዎች ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። በ1908 እ.ኤ.አ. የርከስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች አይጦችን በኤሌክትሪክ እየነዘሩ አንዱን ሳጥን ከሌላው መለየት አስተምረው ነበር። ሥራው ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለው ንዝረት ቶሎ አስተማራቸው። ሥራው ከባድ ሲሆን ግን መጠነኛው ንዝረት በለጠ፤ ኃይለኛው አደናበራቸው። ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ያወቅነው። የፊዚክስ ጥያቄ ቀላል ሥራ ነው እንዴ? እኛ ለአይጥ የበዛውን ነው ለልጆቻችን የምንሰጠው።

ሰው ሲጨነቅ የሚያስብበት ቦታ ይጠብበታል። «ብወድቅስ? አባቴ ምን ይለኛል? የነእገሌ ልጅ ቢያልፍስ?» የሚለው ሐሳብ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ለስሌቱ የተረፈው ጥቂት ነው። ራሚሬዝና ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የሥነ ሕይወት ፈተና ከመውሰዳቸው በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚያስጨንቃቸውን በወረቀት እንዲጽፉ አደረጉ። ከሁሉ የጠቀመው ፈተና አጥብቀው የሚፈሩትን ነበር። በእኛ ቋንቋ ሲነገር፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ያወጣ ሰው ቀለለው። የኛ እናቶች «ተንፍሰው ልጄ» ሲሉ ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ታዲያ ለልጆቻችን «ተንፍሰው» የምንለው መቼ ነው? «ፈራሁ» ሲል «ወንድ ልጅ አይፈራም»፣ «ጨነቀኝ» ስትል «የቅንጦት በሽታ» እያልን አፋቸውን የምንዘጋው እኛው አይደለንም?

ስለ ቅንጦት ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ጭንቀት የሀብታም ልጅ በሽታ የሚመስላችሁ እስቲ የገጠሯን ልጅ አስቡ። ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ማታ እንጀራ ጋግራ ነው የምታጠናው። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስትማር ቆይታ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ክልል ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆኖባታል። ፈተና ላይ ስትቀመጥ መልሱን ታውቀው ይሆናል፤ ጥያቄው ምን እንዳለ ግን አታውቅም። ከዚያ ከወረዳዋ ወጥታ የማታውቅ ልጅ በአውቶቡስ ተጭና፣ በማታውቀው ዩኒቨርሲቲ፣ በማታውቀው አልጋ አድራ ትፈተናለች። አሳዳሪዎቿን አልወቅስም። ግን ይህችን ልጅ «በርቺ» ብሎ መሸኘት ምን ይባላል? የምትሄድበትን ቦታ፣ የምትተኛበትን፣ የምትበላውን፣ የመልስ መስጫው ወረቀት ምን እንደሚመስል ቀድሞ የነገራት አለ? ያልታወቀ ነገር ነው ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው፤ ይህንን ደግሞ ማሳወቅ ገንዘብ አይፈጅም።

የከተማዎቹ የግል ትምህርት ቤቶችም አይቀሩብኝም። ውጤት ሲወጣ የአንደኞቹን ፎቶ በትልቅ ሸራ አሠርተው አጥር ላይ ይሰቅላሉ። ልጆቹ ደስ ይበላቸው፤ ለፍተዋል። ግን የቀሩት መቶ ልጆችስ በዚያ አጥር ሥር ሲያልፉ ምን ይማራሉ? ትምህርት ቤት የሚመዘነው አንደኛውን በማውጣቱ ነው ወይስ የመጨረሻውን ከነበረበት ከፍ በማድረጉ? አንደኛውማ የትም ቢማር አንደኛ ነበር!

የአነቃቂ ንግግር ነጋዴዎችም አሉ። አዳራሽ ተከራይተው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው «ትችላለህ! ትችላለህ!» ያስብላሉ። ልጁ ተነቃቅቶ ይወጣል። ቤቱ ሲደርስ ሒሳቡ እንደነበረው ነው። «ትችላለህ» ያለው ሰው እንዴት እንደሚቻል አንዲት ጥያቄ ሠርቶ አላሳየውም። አሁን ሲያቅተው ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ሆነ ማለት ነው፤ ትችላለህ ተብሎ ያልቻለ! ይህም ሌላው የማስፈራሪያ ዓይነት ነው፤ ሳቅ የለበሰ ፍርሃት።

«እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው።

ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ ፈተናን አብዙ፤ ፍርድን ቀንሱ። በየሳምንቱ አጭር ጥያቄ ስጡ፤ ውጤቱ የትም የማይመዘገብ፣ ማንም የማይዋረድበት፣ በማግስቱ ታርሞ የሚመለስ። ልጁ መቶ ጊዜ ተፈትኖ ከገባ መቶ አንደኛው አያርበደብደውም። አንድ የሚያዳምጥ አማካሪ መምህር ይኑራችሁ፤ የአማካሪነት ክፍል ተብሎ አሮጌ ወንበር የሚከማችበትን ክፍል አላልኩም።

ወላጆች ሆይ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደሩን ተዉ። ልጅዎን «ስንት ሰዓት አጠናህ?» ሳይሆን «እስቲ ዛሬ ያጠናኸውን ንገረኝ» ይበሉት። ፊደል ባይቆጥሩም ይህንን ማድረግ ይችላሉ፤ እንዲያውም ባያውቁት ይሻላል፤ እርስዎ እስኪገባዎት ሲያስረዳ እሱ ያጠናል። ማታ መብራቱን ያጥፉለት። እራቱን ያብሉት። የመጨረሻው ሌሊት የትምህርት ሌሊት አይደለም፤ የእንቅልፍ ነው።

ለልጁም አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከፈተናው በፊት ነው እንጂ በኋላ አይደለም። ከወደቀም ልጃችሁ መሆኑን። የቴክኒክና ሙያ መንገድ አለ፤ እንደገና መፈተን አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ለጥቂት ነጥብ ለጎደላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የሬሜዲያል ትምህርት መሰጠት ተጀምሮ ብዙዎች በዚያ በር ገብተዋል። «ይህን ከነገርነው ይዘናጋል» ትላላችሁ። አይዘናጋም። ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ከሥሩ መረብ መኖሩን ሲያውቅ እግሩ አይንቀጠቀጥም።

ውጤት የወጣ ዕለት መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ልጅ «ስንት አመጣህ?» አትበሉት፤ ካማረለት ራሱ ይነግራችኋል። ካላማረለትና በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ፣ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ደግሞ «ማስመሰል ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። «አማኑኤል ሊገባ ነው» እያልን የምንቀልድበት ሆስፒታል የተሠራው ለሰው ነው፤ ለቀልድ አይደለም። ጸበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩ። አንድ ፈተና የሚመለስ ነገር ነው። የማይመለስ ነገር አለ።

«ታዲያ ልጆቹን ልታሞላቅቅ ነው?» የሚለኝ ሰው እስካሁን ካለ ጽሑፉን ከላይ ይጀምር። እኔ ያልኩት ሳምንት በሳምንት ይፈተኑ፣ ደብተር ዘግተው ይሥሩ፣ ስህተታቸውን በራሳቸው እጅ ይመዝግቡ ነው። ይህ ሳፋ ውስጥ እግር ከመንከር ይከብዳል። ማሞላቀቅ ማለት በዱላና በጩኸት ነገሩን ገላግሎ፣ ማስተማሩን ለዕድል መተው ነው፤ የተሞላቀቅነው እኛ አዋቂዎቹ ነን። ማስፈራራት ቀላል ነው፣ አፍ ብቻ ይበቃዋል። ልጅ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ «እስቲ ንገረኝ» ማለት ግን ጊዜ ይጠይቃል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ተፈታኝ ያለበት ቤት ሁሉ፣ «በርታ» የሚለውን ቃል ለአንድ ቀን እንጹመው። በምትኩ ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ደብተሩን አዘጉትና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ከተሳሳተ እሰየው፤ የተሳሳተው እናንተ ዘንድ ነው።